ካሜራ ጠጋኙ ማሙሸትና የሱባዋ ጉሬዛ

ከራጉኤል ወደ አብነት በሚወስደው መንገድ ዳር የማሙሸትና የእኔ ሱቅ ፊት ለፊት ናቸው። እኔ ዚፕና ቁልፍ እሸጣለሁ። እሱ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማታስቆም ክፍል ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ካሜራ ሲጠግን ኖሯል። የፎቶ ቤት ባለቤቶች፣ ሠርግ የሚቀርጹ ልጆች፣ ጋዜጠኞች፣ ካሜራቸው መሬት ሲወድቅባቸው ወደ እሱ ነበር የሚሮጡት። የሚገርመው ግን ማሙሸት ራሱ ፎቶ አንስቶ አያውቅም። ጠግኖ ሲጨርስ ለሙከራ ወደ እኔ ሱቅ ያዞርና አንዴ ቀጭ ያደርጋል፤ ከዚያ ያጠፋዋል። ስንት ሺህ ጊዜ እንዳነሳኝ እግዜር ይወቀው፣ አንድም የቀረኝ የለም።

ከአራት ዓመት በፊት ቀኝ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ ድካም መሰለው። ኋላ ግን ካቻቪቴው ከጣቶቹ እያመለጠ አስቸገረው። የጤፍ ፍሬ የምታክል ብሎን ጠፍታበት ተንበርክኮ ወለሉን ሲዳብስ ከሱቄ ሆኜ አየው ነበር። ሐኪም ዘንድ ደርሶ ሲመለስ ወሬውን የነገረችኝ ባለቤቱ ሠርኬ ናት።

"የነርቭ ነው አሉት። መድኃኒቱ ያስታግሰዋል እንጂ አያድነውም። ብሎን መፍታት ግን ከእንግዲህ የለም" አለችኝ።

ሱቁን አልዘጋም። ባትሪና የካሜራ ማንገቻ እየሸጠ ተቀመጠ። ያ ተጨዋች ሰው ጠዋት ሰላም ስለው ራሱን ብቻ የሚነቀንቅልኝ ሆነ።

አንድ ቀን ሎዛ የምትባል ወጣት መጣች። ስለ አዕዋፍ የምታጠና ልጅ ናት፤ ክንድ የሚያህል ሌንስ ይዛለች፣ አልዞር ብሏታል። ማሙሸት እጁን ዘርግቶ አሳያት።

"ተመልከቺ ልጄ። በዚህ እጅ ምን ልሠራልሽ?"

"እርስዎ ይንገሩኝ እንጂ እኔ እፈታዋለሁ፣ ጋሼ" አለችው።

እሱ በአፉ፣ እሷ በእጇ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሌንሱን ፈትተው ገጠሙት። "ቀስ፣ እሱን አይደለም፣ ከሥሩ ያለችውን" ሲል ድምፁ እስከ እኔ ድረስ ይሰማል። ከታመመ ወዲህ እንዲያ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ሌንሱ ሲዞር ሎዛ አጨበጨበች።

"አሁን ሩቅ ነገር ላይ መሞከር አለበት" አለ ማሙሸት። "እዚህ ደግሞ ሩቅ ነገር የለም፤ ሁሉም አፍንጫችን ሥር ነው።"

"እንግዲያው ቅዳሜ ከእኔ ጋር ሱባ ይሂዱ።"

የመናገሻ ሱባ ደን ከሰበታ አለፍ ብሎ፣ ወጨጫ ተራራ ላይ ነው፤ የጽድ፣ የዝግባና የኮሶ ጫካ። ማሙሸት ተወልዶ ያደገው መርካቶ ነው፤ ዛፍ ብሎ የሚያውቀው የራጉኤልን ቅጥር ግቢ ነበር። ያን ቀን ሎዛ ካሜራዋን ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ አሰረችና በገመድ የተያያዘች ትንሽ ቁልፍ አስጨበጠችው። "ካሜራውን አይንኩት፤ ይቺን ብቻ ይጫኑ" አለችው። ብዙ ጠበቁ። ከዚያ አንዲት አረንጓዴ ወፍ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ስትሻገር ክንፏን ዘረጋች፤ ውስጡ ደም የመሰለ ቀይ ነው። ማሙሸት ቁልፉን ተጫነ።

ሰኞ ጠዋት ገና ሱቄን ሳልከፍት መጣ።

"አልተንቀጠቀጠም!" አለኝ።

"ማን?"

"ፎቶው ነዋ! ና እስቲ እየው!"

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ሱቁ ዝግ ነው። ከአብነት በጠዋት ታክሲ ይሳፈራል፣ ሰበታ ወርዶ ወይ ሎዛን ይጠብቃል ወይ ባጃጅ ይይዛል። የራሱን አሮጌ ካሜራ ወለወለ፤ ሎዛ ሌንሷን ታውሰዋለች። የደኑ ጠባቂ ሶሬሳ ግንደ ቆርቁር የት እንደሚፈለፍል፣ ድኩላ በስንት ሰዓት ለውኃ እንደሚወርድ አሳየው። ማሙሸትም ትዕግሥቱ የጉድ ነበር። ሠላሳ ዓመት በጠባብ ቦታ ቁጭ ብሎ ጥቃቅን ነገር ሲመለከት የኖረ ሰው ግንድ ሥር ሦስት ሰዓት መቀመጥ ምን ያቅተዋል?

አምና ጥቅምት ላይ ከፍ ያለ ጽድ ላይ የሰፈሩ ዘጠኝ ጉሬዛዎች አነሳ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ እያጎላ ሲያያቸው ሠርኬ ከኋላው ቆማ ነበር።

"ይቺኛዋ አንገቷ ላይ ምንድን ነው? ሐብል አስረውላታል እንዴ?" አለችው።

አጎላው። ከነጩ ፀጉር ሥር ቀጭን ነገር ብልጭ ይላል፤ ዙሪያው አብጧል። ወዲያው ሶሬሳ ዘንድ ደወለ።

"ጋሼ፣ እኔ በየቀኑ አያቸዋለሁ፤ ምንም አልሆኑም" አለው ሶሬሳ።

"ፎቶውን በቴሌግራም ልኬልሃለሁ፤ ክፈተው።"

ሶሬሳ ፎቶውን አይቶ መልሶ ደወለ።

"ሽቦ ነው" አለ። "ለድኩላ ያጠመዱት ይሆናል። መሬት ወርዳ ስትበላ ገብታበት፣ በጥሳው አምልጣለች። ካላወጣንላት ያንቃታል።"

ሎዛ የምታውቀውን የእንስሳት ሐኪም ለመነች፤ እሺ አለ። ችግሩ፣ በማደንዘዣ መርፌ ስትመታ ከዛፍ መውደቋ አይቀርም። ማሙሸት ይህን ሲነግረኝ ሱቄን ዘግቼ ሸራ ተራ ሄድኩና ወፍራም የጭነት መኪና ሸራ ይዤ መጣሁ። ረቡዕ ጠዋት እኔም፣ ሠርኬም አብረናቸው ሱባ ነበርን።

ከዘጠኙ የትኛዋ እንደሆነች የሚለየው ማሙሸት ብቻ ነው። የቀኝ ጆሮዋ ጫፍ ጎደሎ እንደሆነ ከፎቶው አውቋል። እኛ ሸራውን ዙሪያውን ይዘን እሱ በሌንሱ እያየ "ወደ ግራ! አሁን ተሻገረች! ቁሙ!" ሲለን እየተደናቀፍን ግማሽ ቀን ከዛፍ ዛፍ ሮጥን። ጫማዬ ጭቃ ውስጥ ሁለት ጊዜ ቀርቷል። ከቀትር በኋላ ሐኪሙ መታት። ትንሽ ቆይታ እጆቿ ላሉ፣ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ እየተንሸራተተች ሸራችን መሃል ወደቀች። ሠርኬ "እመቤቴ!" ብላ ጮኸች።

ሽቦው ሥጋዋ ውስጥ ገብቷል። የሐኪሙ መቀስ አልቆርጥ አለ። ማሙሸት ከኪሱ የጥገና ዕቃ መያዣውን አወጣና ቀጭኗን መቁረጫ ፒንሳ ለሐኪሙ አቀበለው፤ እጁ ክፉኛ እየተንቀጠቀጠ ነበር። አንድ ጊዜ ቀጭ አለች፤ ሽቦው ተፈታ። ቁስሉን አጥበው፣ መርፌ ወግተው ዛፉ ሥር አስቀመጧት። ነቅታ ወደ ላይ እስክትወጣ ሸራውን አጣጥፈን ራቅ ብለን ጠበቅን። ከላይ ሌሎቹ ሲቀበሏት ማሙሸት ፊቱን አዞረ። ማንሳት እንኳን ረስቶ ነበር።

ሶሬሳና ባልደረቦቹ በዚያ ሳምንት ደኑን አስሰው አሥራ አራት ወጥመድ አነሱ።

ባለፈው ወር ማሙሸት አንድ ፎቶ አሳትሞ አመጣልኝ። ያችው ጆሮዋ ጎደሎ ጉሬዛ ናት፤ አንገቷ ላይ ፀጉር ያልሸፈነው መስመር አለ፤ ደረቷ ላይ ጥጥ የመሰለ ግልገል ታቅፋለች። ጉሬዛ ሲወለድ ሙሉ ለሙሉ ነጭ እንደሆነ ያን ቀን ነው ያወቅኩት።

ብዙ አየሁትና "እጅህ ባይታመም ኖሮ እኮ ይሄ ሁሉ አይሆንም ነበር" አልኩት።

"በሽታውንማ አላመሰግነውም" አለኝ። "ትናንት ሸሚዜን የቆለፈችልኝ ሠርኬ ናት። የማመሰግነው እሷን ነው። 'ይንገሩኝ እንጂ እኔ እፈታዋለሁ' ያለችኝን ልጅ ነው። ሶሬሳን ነው። ሥራህን ዘግተህ ሸራ የተሸከምከውን አንተን ነው። እግዚአብሔር ደግሞ ይህን ሁሉ ሰው አጠገቤ ስላስቀመጠ፣ ተመስገን እለዋለሁ። ስነሳም ስተኛም።"

ፎቶውን ሱቄ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። ዚፕ ፈላጊ ደንበኛ መጥታ ቆማለች፤ ፎቶውን አይታ "ይሄ የት ነው?" አለች። ማሙሸት ወንበር ስቦ ተቀመጠና ከመጀመሪያው ጀመረላት።