ልጁ ሲወለድ የተቀመጠው ወይን

ልጄ ልታገባው ያለችው ልጅ አባት ሎውሪ ሰፈር ባለው ቤታቸው ራት ጋበዙን። ታላቅ ወንድሜ፣ ጋሼ የምለው፣ በሟች አባቷ ቦታ ሊቀመጥ ከረባቱን አስሮ ከሞንትቤሎ በእኔ መኪና መጣ። ልጄ መንገዱን ሁሉ “ፕሊስ፣ ኖርማል ሁኑ” ስትል ነበር። እኛ ምን አደረግን!

ሰውየው የጣሊያን ዘር ናቸው፤ ቤዝመንታቸው ውስጥ እንደ አያቶቻቸው ወይን ይጠምቃሉ። ከራት በፊት ትምህርት ቀረበ። ፈረንሳይ ወይኑን በፍሬው ሳይሆን በበቀለበት ቀዬ ይጠራዋል አሉ። ጆርጂያ ደግሞ፣ አትላንታ ያለችባት አይደለችም፣ በሸክላ ጋን ሞልቶ መሬት ይቀብራል። የአያታቸው መንደር በእግር ይረግጠው ነበር። “ታጥበው ነው?” አልኩ በአማርኛ፤ ልጄ በጠረጴዛው ስር ረገጠችኝ። ሆዳችን ይጮሃል፣ እሳቸው ገና ሮማውያን ጋ ናቸው።

በመጨረሻ አቧራ የለበሰ ጠርሙስ ይዘው መጡ። በአባቶቻቸው ወግ ልጅ ሲወለድ አባት ከዚያ ዓመት ወይን አንድ ጠርሙስ ያስቀምጣል፤ የሚከፍተው ልጁን ሊድር ከአማቶቹ ጋር ሲዛመድ ነው። ይህን እያሉ አቧራውን በመዳፋቸው ጠረጉ። ብርጭቆ ወደ ጋሼ አስጠጉ።

ጋሼ ደረቱን ይዞ፣ “ኖ፣ ታንክ ዩ፣ ይቅርብኝ” አለ።

መቼም ጨዋ ሰው ባንዴ እሺ አይልም፤ ተለምኖ፣ “በሞቴ” ተብሎ ነው። የሮማውያንን ጓዳ የሚያውቁት ሰውዬ ይቺን አያውቁም። ፊታቸው ዳመነ፤ ጠርሙሱን አቅፈው ወደ ቤዝመንት ወረዱ። ጋሼ ተዝናንቶ ልመናውን ይጠብቃል።

“ማሚ፣ ዝምድናውን ሪጀክት ያደረጋችሁ ነው የመሰላቸው!” አለች ልጄ፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ።

“ጋሼ፣ እሺ በላቸው እንጂ!” አልኩት።

“ሳይለምኑኝ?”

ወይ ይሉኝታ! ደሜ ፈላ። ሰው የልጁን ትዳር በአንድ ብርጭቆ ያፈርሳል? ልጄ ተከትላቸው ወርዳ አስረዳች፤ እኛ ዘንድ የመጀመሪያው እምቢታ “ለምኑኝ” ማለት ነው አለቻቸው። እየሳቁ ተመለሱና ከፈቱት።

ኮምጣጤ! ለሰላጣ ቢሆን እሰየው ነበር። ሰውየው ግን ዓይናቸውን ጨፍነው አጣጣሙት። ጋሼ እንደ ኮሶ ዋጠው፤ ሊደግሙት ሲሉ ብርጭቆውን በመዳፉ ከደነ። “በቃኝ፣ ከልቤ ነው።”

“አውቃለሁ፣ አውቃለሁ!” አሉ አዲሱ የባህላችን ሊቅ፤ እጁን አንስተው ብርጭቆውን እስከ አፉ ሞሉለት።

ጋሼ ልጄን አያት። የሰውየውን ክንድ ይዛ ትስቃለች፤ አባቷን ከቀበርን ወዲህ እንዲያ ስትስቅ አይተናት አናውቅም። እኔ እንባዬ መጣ። የጨጓራ በሽተኛው ወንድሜ ብርጭቆውን አንስቶ እስከ አተላው ጨለጠው።

ከዚያ፣ ማንም ሳይለምነው፣ “ይድገሙኝ” አለ።