ከአክስቴ ዓይን የጠፋው ፍሬ

«የአክስትሽን ወገን ቡና የምትለቅሚው አንቺ ነሽ። እሷ እጇን ብቻ ነው የምታንቀሳቅሰው» አለኝ ካቦው ፊት ለፊቴ ቆሞ። አክስቴ ውሃ ልትጠጣ ሄዳ ነበር።

«አይታ ነው የምትለቅመው» ብዬ ዋሸሁ።

«እስከ ሳምንት አያታለሁ። ካልሆነች ሌላ ሴት አስገባለሁ።»

ወርቃ በሚባል አካባቢ ያለው ቡና ማጠቢያ የገባሁት አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ቤት መቀመጥ ስላልቻልኩ ነው። አክስቴ ግን እዚያው ያረጀች ለቃሚ ናት። ቡናው ታጥቦ ከነገለፈቱ፣ ገና እርጥብ ሳለ፣ ጥላ ያለው የማድረቂያ አልጋ ላይ ይዘረጋል። እኛ በግራና በቀኝ ቆመን የተበላሸውን እናወጣለን። እርጥብ ሳለ ገለፈቱ ውስጡን ያሳያል፤ ጥቁሩ ፍሬ ከሥር ደብዘዝ ብሎ ይታያል። ሲደርቅ ገለፈቱ ይነጣና ደጉም ክፉውም አንድ ይመስላሉ። አንዴ ለሙከራ አንድ ጥቁር ፍሬ ለብቻው አደረቅሁ። ከሌሎቹ ጋር ስቀላቅለው እኔው ራሴ አጣሁት።

አክስቴ ያን ጥቁር ፍሬ መለየት ሲያቅታት ብርሃን ያነሳት መሰለን። ካቦውን ለምኜ ፀሐይ ላይ ካለው አልጋ አጠገብ አቆምኳት። ባሰባት።

«ሁሉም ወተት ሆነብኝ» አለች።

«ወተት ከሆነማ ጠጪዋ» አለቻት ከጎኗ ያለችው። ሁሉም ሳቁ። አክስቴም ሳቀች፣ እጇ ግን ቆመ።

«ነገ ዲላ ዓይን ሐኪም ጋ እንሄዳለን» አልኳት።

«ለምን? መጽሐፍ ቅዱሴን አነብ የለ?»

እውነቷን ነው፣ ታነባለች። ዓይን ምርመራ ክፍል ውስጥም የግድግዳውን ሰሌዳ ፊደል እስከ ታችኛው መስመር ድረስ ተወጣችው፣ እኔን በኩራት እያየች። ሥራዋን የነገርኳት ነርስ ግን አልተገረመችም። ትንሽ ባትሪ አውጥታ ከጎን ወደ ዓይኗ አበራች።

«አሁንስ እማማ፣ ያንኑ መስመር ያንብቡልኝ።»

አክስቴ ወደ ግድግዳው አንገቷን አሰገገች። «ሰሌዳውን አነሳሽው እንዴ?» አለች።

ሰሌዳው እዚያው ነበር።

«የዓይን ሞራ ነው» አለች ነርሷ። «ይሄ ጥቁር በነጭ ላይ ስለሆነ ያዩታል። ሥራዎ ላይ ያለው ግን ግራጫ በነጭ ነው። ሞራው የገባውን ብርሃን ይበትነዋል፤ የተበተነው በጥቁሩም በነጩም ላይ ይፈስና ልዩነታቸውን ያጠፋዋል። ፀሐይ ሲበዛ የሚበተነውም ይበዛል። በቀዶ ጥገና ይነሳል።»

«ዓይኔን በምላጭ?» አለች አክስቴ።

እኔ ዓይን ያለውን እንዳለ የሚያሳይ መስኮት ይመስለኝ ነበር። ነርሷ ልታሳየኝ ከአንድ ግራጫ ወረቀት ሁለት ቁራጭ ቀደደችና አንዱን ነጭ፣ ሌላውን ጥቁር ጨርቅ ላይ አስቀመጠችልኝ። ሁለት ቀለም አየሁ። አንስቼ ገጠምኳቸው፤ አንድ ናቸው። መለስኳቸው፤ እንደገና ሁለት። ለካ ዓይን የሚያየው አንድን ነገር ለብቻው አይደለም፣ ከጎረቤቱ ጋር እያስተያየ ነው። አንድ መሆናቸውን እያወቅሁ እንኳ የገዛ ዓይኔን ማሳመን አቃተኝ። ነርሷ «ሰው ተሰልፏል» እስክትለኝ ድረስ ስደጋግመው ነበር።

ስንመለስ ከመኪናው መስኮት አልተላቀቅሁም። አረንጓዴ በአረንጓዴ ላይ፣ የእንሰቱ ቅጠል ከቅጠሉ ይለያል። ጉም የያዘው ጋራ ከሰማዩ የሚለየው በቀጭን መስመር ነው፣ መስመሯንም አያታለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ይሄን ሁሉ ስለይ ኖሬያለሁ፣ ማንም ሳያስተምረኝ። አክስቴ እጄን ይዛ ተኝታለች።

ለካቦው እውነቱን ነገርኩት። እሱም «እስክትመለስ ቦታዋን ያዢላት» አለኝ።

አክስቴ ምላጩን ፈርታ ሁለት ጊዜ ከቀጠሮዋ ቀረች። በሦስተኛው እየጸለየች ገባች።

የተመለሰች ቀን ጥላው ሥር ፊት ለፊቴ ቆመች። ብዙም ሳትቆይ እጇን ወደ እኔ ወገን ሰድዳ አንድ ፍሬ አነሳችና መዳፌ ላይ አኖረችው።

«ምንም የለበትም» አልኳት።

«ገልብጪው።»

ገለበጥኩት። ከገለፈቱ ሥር ፀጉር የምታህል ግራጫ ጭረት ነበረች። አክስቴ ሁለተኛውን ፍሬ እያነሳች ነበር።

«በይ ሂጂ» አለችኝ ቀና ሳትል። «እዚህ የቆምሽው ለእኔ ብለሽ ነው። እግርሽ አላርፍ ብሎ አልጋዬን ሲነቀንቅብኝ ከረመ። ዲላ ሂጂና ያን የምታወሪውን የዓይን ነገር ተማሪ።»

ሽርጤን ፈትቼ ከጎኗ ላለችው ለቃሚ ሰጠሁና ወደ መንገዱ ወጣሁ።