የታጠበው ሪባን

ባለፈው ሳምንት ጀርመንታውን በሚገኘው ቤቴ የልጄን የሐር ሻሽ እርጥብ እንዳለ ስተኩስ፣ ከካውያው ሥር የተነሣው ሽታ እጄን አስቆመው። ዘጠኝ ዓመቴ ሳለ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በነበረው አፓርትማችን፣ የሰው አደራ ያበላሸሁ ዕለት የሸተተኝ ሽታ ነው።

አባቴ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር ነበር። በብርዱ ወራት ቅዳሜ ቅዳሜ አሌክሳንድሪያ ወዳለው የአሮጌ ዕቃ ገበያ ይዞኝ ይሄድና፣ ሌላው ሰው ወንበርና ሰዓት ሲያገላብጥ፣ እሱ የድሮውን የኦስትሮ-ሃንጋሪ መንግሥት ሜዳሊያዎች ይለቅም ነበር። እናቴ «የወሎ ዘመድህ አልቆ ነው የኦስትሪያ ወታደር የምታስታምመው?» እያለች ትስቅበት ነበር። ቤት ስንገባ ጓንት አጥልቆ፣ ማጉያ መነጽሩን ይዞ፣ ሦስት ማዕዘን ሆኖ የታጠፈውን ሪባን ያሳየኝ ነበር። «ብረቱ ለሁሉም አንድ ነው፤ የሰውየውን ነገር የሚነግርሽ ሪባኑ ነው» ይለኛል። የቁስለኛ ሜዳሊያ ሪባኑ ግራጫ፣ ዳርና ዳሩ ቀይ ነው፤ መሐሉ ላይ ያሉት ቀይ መስመሮች ሰውየው ስንት ጊዜ እንደቆሰለ ይናገራሉ። መሐሉ ባዶ ከሆነ ግን የተመለሰው በበሽታ ነው። አባቴ ያልለየውን «አላውቅም» ይል ነበር እንጂ በግምት አይናገርም። «ያላየሽውን አትመስክሪ» የዘወትር ቃሉ ነበር።

በረዶው ሲቀልጥ ረመዳን ገባ። በዚያ ሰሞን ሚስስ ኢሎና የሚባሉ የአሌክሳንድሪያ አሮጊት፣ ወንድማቸው ሲሞት ከዕቃው መሐል የተገኘውን የአያታቸውን የቁስለኛ ሜዳሊያ በመሐረብ ጠቅልለው ለአባቴ ሰጡት። አያታቸው «አሞኛል ብሎ ከጦርነት የሸሸ ፈሪ» እየተባለ ነው የኖረው። ያሳደጋቸው እሱ ነበርና ስሙ ሳይነጻ መሞት አልፈለጉም፤ የሪባኑን መስመር ራሳቸው እንዳያዩት ደግሞ ዓይናቸው ደክሟል። አባቴም ጾሙና ሥራው ስላደከመው «ከዒድ በኋላ ረጋ ብዬ አየዋለሁ» ብሎ፣ ሳይፈታው መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠው።

በዒድ ዋዜማ እናቴ መጋረጃ አውርዳ፣ ምንጣፍ አንሥታ፣ «ያልታጠበ ነገር ይዘን ዒድን አንቀበልም!» እያለች ቤቱን ስታተራምስ፣ እኔም አባቴን ላስደስት ብዬ መሳቢያውን ከፈትኩ። ጥቀርሻ የመሰለውን የሐር ሪባን ስፌቱን ፈትቼ በሙቅ ውሃና በሳሙና አሸሁት። ውሃው ቀላ። ሳወጣው ሪባኑ ከዳር እስከ ዳር ሮዝ ሆኗል። ካውያ ይመልሰው እንደሆነ ብዬ ብተኩሰው ጭራሽ ባሰበት። አጥፌ፣ በመሐረቡ ጠቅልዬ፣ መሳቢያውን ዘጋሁ። ዒዱን ሙሉ ወደ መሳቢያው አልቀረብኩም።

በማግስቱ እሑድ ሚስስ ኢሎና ቤታችን መጡ። አባቴ ጥቅሉን ፊታቸው ፈታና ሮዝ የሆነውን ሪባን አነሣ። እናቴን አየ፤ ከዚያ እኔን አየ። እንባዬ ቀደመኝ።

«ዳዲ፣ አይ ዎሽድ ኢት... ለዒድ ብዬ ነው ያጠብኩት፤ ሶሪ።»

አባቴ የሆነውን ሲነግራቸው አሮጊቷ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። እጄን ያዙ። «ከማጠብሽ በፊት አይተሽዋል አይደል?» አሉኝ በእንግሊዝኛ። «መሐሉ ላይ መስመር ነበረው?»

እኔ ያየሁት እድፉን ብቻ ነው፤ መስመር አልቆጠርኩም።

«ሦስት» አልኩ።

አባቴ ማጉያውን አነሣ። ሪባኑን ወደ መስኮቱ አስጠግቶ፣ ገልብጦ፣ ደግሞ ገልብጦ አየው።

«ልጄ ልክ ናት» አለ በመጨረሻ። «አያትዎ ሦስት ጊዜ ቆስለዋል።»

ሚስስ ኢሎና ሜዳሊያውን ደረታቸው ላይ ለጥፈው አለቀሱ። በዚያው በጋ ዐረፉ። አባቴ ነገሩን ዳግመኛ አላነሣብኝም።

ያኔ መስመሮቹን እውነትም ያገኛቸው መስሎኝ፣ ውሸቴ እውነት ሆኖ ስለወጣ አላህን አመስግኜ ተኛሁ። አሁን አባቴ የለም፤ ማጉያው እኔ ዘንድ ነው፤ ሪባን የምለየውም እኔ ነኝ። ቀለሙን የለቀቀ ሪባን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ በማጉያም ቢሆን ምንም አይታይበትም። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ አንድ ቀን ብቻ ያላየውን መሰከረ፤ ያንንም ያደረገው ልጄ አትዋሽም ብሎ ነው።