ያላረምኩት «አንቺ»

ባለፈው ሳምንት የድሮ ትምህርት ቤቴ ምክትል ርዕሰ መምህር ደወለልኝ። ገና ልጅ ነው፣ ድምፁ ያሳብቃል። «እትዬ አስቴር፣ ለቀድሞ ተማሪዎቻችን የምስጋና ምሽት አዘጋጅተናል። ዶክተር ዘሪቱ ይሸለማሉ፤ በተሸላሚዎቹ ስም የሚናገሩትም እሳቸው ናቸው። እርስዎም እንዳይቀሩብን» አለኝ። እሺ ብዬ ሲቀላ ገበያ ወረድኩ። አንድ ማንጎ ይዤ ስንት ደቂቃ እንደቆምኩ እንጃ፣ ሻጯ «እማማ፣ ይገዙታል ወይስ አቅፈውት ይውላሉ?» ስትለኝ ነው የነቃሁት። ሐሳቤ አሥራ አንደኛ ክፍል ገብቶ ነበር።

ከዘሪቱ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ነበር የምንቀመጠው። እሷ ከደጋው ከካምባ ወርዳ፣ ከተማው ውስጥ ሲቀላ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይታ የምትማር ልጅ ናት። ከቤቷ ቆጮ ሲላክላት ግማሹ የእኔ ነበር። እኔ የከተማ ልጅ፤ እናቴ የጋሞ ሴት፣ አባቴ ግን ከሰሜን ለሥራ የመጣ ጸሐፊ ስለሆነ በአማርኛ ማን ይችለኛል! በሌላው ትምህርት ሁሉ ዘሪቱ ትበልጠኛለች። በጋሞኛ «አንተ»ም «አንቺ»ም አንድ ቃል ነው፤ ስለዚህ አማርኛ ስትናገር ዘበኛውን «ነይ» ትለዋለች፣ እኔን «ና»። አርማታለሁ፣ ትስቃለች።

ሚያዝያ ላይ ትምህርት ቤቱ ትልቅ ደረጃ የደረሱ የቀድሞ ተማሪዎቹን የሚያከብርበት ምሽት ደገሰ። በእንግዶቹ ፊት ግጥም የሚያነብ አንድ ተማሪ ተፈለገ። ከእኔ ሌላ ማን አለ ብዬ ቀሚስ ሁሉ አሰፍቻለሁ! የአማርኛ መምህራችን ግን የዘሪቱን ግጥም መረጠ። እውነቱን ልናገር፣ የእሷ ይበልጥ ነበር። «አስቴር፣ ቋንቋውን አንቺ አርሚላት» ብሎ ወረቀቱን ሰጠኝ።

ውይ ቅናት! ደም ያፈላል። ግጥሙ ለክብር እንግዳው ነበር፤ እንግዳው ደግሞ ሪዛም መሐንዲስ ናቸው።

አንቺ የአገር ጋሻ፣ እንኳን ደህና መጣሽ፣
ዓይናችን ደከመ መንገድ ላይ ስናጣሽ።

እስከ መጨረሻው እንዲህ ነው። ፊደሉን ለቀምኩ፣ ነጥቡን አስተካከልኩ። «አንቺ»ን አየኋት፤ አለፍኳት። «አሁን ምንም አይወጣለትም» ብዬ መለስኩላት። አቅፋ ሳመችኝ።

የዚያን ምሽት አዳራሹ ከጫሞ ሐይቅ በመጣ የዓሣ ጥብስ ሽታ ታውዶ ነበር። ዘሪቱ ወጥታ መሐንዲሱን እያየች አነበበች። ሁለተኛው መስመር ላይ ከኋላ አንዱ «ኧረ ለጋሼ ቀሚስ!» ብሎ ጮኸ፤ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። መምህራን ሳይቀሩ አፋቸውን ያዙ። እሷ ምን እንዳጠፋች አልገባትም፤ ታድነኝ እንደሆነ ብላ እኔን ፈለገች። እኔ አቀረቀርኩ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ የእኔ ግን የዝምታ ወለምታ ነበር።

በማግስቱ ማለዳ ቤቷ ብሄድ አከራይዋ «ሸክፋ መናኸሪያ ወርዳለች። ከእንግዲህ አልማርም ብላለች» አሉኝ። ያቺ የክፍሉ አንደኛ በእኔ ምክንያት ልትቀር ነው! ሮጥኩ። ሌሊቱን ዘንቦ መንገዱ ዳር ያለው ሳር እርጥብ ነበር። በጋሞ ጠብ ሲነሳ ሽማግሌዎች እርጥብ ሳር ይዘው ይንበረከካሉ፤ ያንን ሳር አልፎ የሚሄድ የለም። የሽማግሌ ወግ ነው፣ ለተማሪ ልጅ ነውር ነው። ቢሆንም ከነሥሩ ነጭቼ፣ ሊነሳ ሞተሩን ያሞቀው የካምባ አውቶቡስ ፊት ጭቃው ላይ ተንበረከክኩ።

ሹፌሩ አንገቱን በመስኮት አወጣ። «አንቺ ልጅ፣ አብደሻል? ሳር የሽማግሌ ነው!»

«ሽማግሌ የለኝም!» አልኩት እያለቀስኩ።

ትንሽ አየኝና ሞተሩን አጠፋ። «ሳር ተይዟል» አለ ወደ ተሳፋሪዎቹ ዞሮ። «ከዚህች ልጅ ጋር የተጣላ ይውረድ።»

ዘሪቱ ጓዟን እንዳቀፈች ወረደች። ዓይኗ አብጧል። «ተነስ እንጂ! እኔ ከአንተ ጋር መቼ ተጣላሁ? የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አለችኝ።

ዝም ብል እዚያው ያልቅ ነበር። እግዜር ይመስገን፣ ዝም አላልኩም። «አይቼው ነው ያለፍኩት፣ ዘሪቱ። ቀንቼብሽ ነው።»

ሳሩን ከእጄ ወሰደችና ጓዟን ተሸክማ ወደ ሲቀላ ተመለሰች። አንድ ወር ሙሉ አላናገረችኝም። ካምባ ግን አልሄደችም።

ከዚያ በኋላ ያለው ረጅም ነው። እሷ ሐኪም ሆነች፤ እኔ ስንቱን ልጅ አማርኛ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። ቅዳሜ፣ በምስጋናው ምሽት፣ አዳራሹ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ስሟ ሊጠራ ሲል ከቦርሳዋ የንግግሯን ወረቀትና እስክርቢቶ አውጥታ ጭኔ ላይ አኖረችልኝ። «አስቴርዬ፣ እስቲ እዪልኝ።» መነጽሬን አድርጌ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አንዲት ቃል አስተካከልኩ።

«ሌላ የለም?» አለች፣ ዓይን ዓይኔን እያየች።

«የለም።»

ወረቀቱን ሳታየው አጥፋ ይዛ ወደ መድረኩ ወጣች። እኔ ይቅርታ ማለት መርሳት ይመስለኝ ነበር። ዘሪቱ አልረሳችም፤ ሳትረሳ ነው ወረቀቷን የምትሰጠኝ።