የማርዋ የኮኮናት ዘይት

ኢክላስ ሚዛን ተፈሪ በሚገኘው የአባቷ ሱቅ ውስጥ ስትሠራ ደንበኛ ሲገባ ፊቷን ወደ መደርደሪያው ታዞር ነበር። ዕቃ ስታቀብል እንኳ ሻርፗን እስከ ጉንጯ ትስባለች። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ግንባሯና ጉንጯ ግን በብጉር ተሞልቷል። "የልጅነት ነው፣ ይጠፋል" እየተባለች ብትጽናናም አልጠፋም።

ብጉሩ የጀመራት ታላቅ እህቷ ማርዋ ለሥራ ወደ ጅዳ ከሄደች በኋላ ነው። እናታቸው ኢክላስ ገና ሕፃን ሳለች ስለሞተች ያሳደገቻት ማርዋ ናት። ሁለቱ ከሱቁ ጀርባ ባለች ክፍል በአንድ አልጋ ይተኙ ነበር። ማርዋ ከመተኛቷ በፊት ሹሩባዋን ፈትታ የኮኮናት ዘይት ትቀባና መዳፏ ላይ የቀረውን በኢክላስ ክንድና አንገት ላይ ታብሰዋለች። ኢክላስ አፍንጫዋን እህቷ ፀጉር ውስጥ ቀብራ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ እየሰማች እንቅልፍ ይወስዳታል።

"ሁለት ዓመት ብቻ ነው፤ አንቺ ኮሌጅ ስትገቢ እኔም እመጣለሁ" ብላት ነበር ማርዋ ስትሰናበታት። ስድስት ዓመት ሆናት። ትታው የሄደችው ዘይት ሲያልቅ ኢክላስ ያንኑ ዓይነት ገዛች። መጀመሪያ ትራሷ ላይ ጠብ ታደርግ ነበር። ቀጥላ ፀጉሯን፣ በኋላም ፊቷን መቀባት ጀመረች። ዓይኗን ስትጨፍን እህቷ አጠገቧ የተኛች ይመስላታል።

ብጉሩ ሲብስ ጎረቤታቸው እትዬ ሀጂራ የጥቁር አዝሙድ ዘይት ይዘውላት መጡ።

"ይሄን ተቀቢው ልጄ፤ የማይፈውሰው ነገር የለም" አሏት።

ኢክላስም እንዳለ ለቀለቀችው። በማግስቱ ጉንጯ ቲማቲም መስሎ ተነሣች፤ ቆዳዋ ተላጠ። አባቷ አቶ አሕመዲን ስለ ሴት ልጅ ፊት ማውራት የሚያፍሩ ሰው ናቸው። ቡና ሊገዙ ቴፒ ደርሰው ሲመለሱ ግን በፌስታል የተቋጠረ ነገር ባንኮኒው ላይ አስቀመጡ።

"የሺአ ቅቤ ነው፤ ከዛፍ ፍሬ የሚወጣ" አሉ ወደ ሌላ እያዩ። "ከጋምቤላ የሚያመጡት ሴቶች ቆዳ ያለሰልሳል አሉኝ።"

ኢክላስ ዕንባዋ መጣ። ቅቤው የጭስ ሽታ ነበረው። የተላጠውን ቆዳዋን አለሰለሰላት፤ ብጉሩ ግን አልለቀቃትም። ምክንያቱም ኮኮናቱን አልተወችውም ነበር።

በመጨረሻ አንድ መድኃኒት ቤት ገብታ ሜሮን የምትባለውን ፋርማሲስት አማከረቻት። ሜሮን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግታ አየቻት።

"ምን ምን ትቀቢያለሽ?"

ኢክላስ ጥቁር አዝሙዱንና ሺአውን ነገረቻት።

"ሌላስ?"

"ሌላ የለም።" ሻርፗን ወደ ጉንጯ ሳበችና "ስተኛ ብቻ… ኮኮናት" አለች።

"ከጀመርሽ ቆየሽ?"

"እህቴ ከሄደች ጀምሮ።"

ሜሮን ስለ እህቷ አልጠየቀቻትም። ወንበር ስባላት ቀስ ብላ አስረዳቻት። "ኮኮናት ለፀጉር ጥሩ ነው። እንዳንቺ ብጉር የሚወጣበት ወዛም ፊት ላይ ግን የቆዳውን ቀዳዳ ይደፍነዋል። የካካዎ ቅቤም እንደዚያው ነው፤ እንዳትሞክሪው። ጥቁር አዝሙዱ ያቃጠለሽ ሳይበረዝ ስለተቀባሽው ነው። ሺአውን ለክርንሽና ለተረከዝሽ አድርጊው።"

"ታዲያ ለፊቴ ምን ይሻለኛል?"

"ለጊዜው ምንም ዘይት አትቀቢ፤ ፊትሽ ይረፍ። ያበጡትን በዚህ መድኃኒት እናክማቸዋለን። መድኃኒቱ ካደረቀሽ ግን ቀለል ያለ ዘይት ያስፈልግሻል፤ ንጹሕ የሱፍ ዘይት፣ ምንም ሽቶ ያልገባበት። ታጥበሽ ፊትሽ ሳይደርቅ ሁለት ጠብታ ይበቃል። መጀመሪያ መንገጭላሽ ሥር ሞክሪውና ጥቂት ቀን ጠብቂ።" ኢክላስ ልትወጣ ስትል ደግሞ "የትራስ ልብስሽንም እጠቢው፤ ዘይቱን ጠጥቶታል" አለቻት።

መድኃኒቱን መቀባት አላስቸገራትም። የከበዳት የትራሱ ልብስ ነው። አውልቃ ሳፋ ውስጥ ከከተተችው በኋላ ውሃ ሳታፈስበት ቁጭ ብላ አየችው። ሳሙናው አረፋ ሲያወጣ የኮኮናቱ ሽታ ለአፍታ ግቢውን ሞላው፤ ከዚያ ጠፋ። ዝናቡ ስላላባራ ጨርቁ እስኪደርቅ ቀናት ፈጀ፤ ሲደርቅ የሚሸተው ኦሞ ኦሞ ብቻ ነበር። እነዚያን ሌሊቶች አልጋው ሰፋባት። አንድ ቀን መቋቋም አቅቷት ዘይቱን ከፍታ አሸተተችና ሳትነካው መልሳ ከደነችው። ከዚያ ወስዳ ለእትዬ ሀጂራ ሰጠቻቸው።

የሱፍ ዘይቱ ምንም አይሸትም። ስትቀባው ማንንም አያስታውሳትም። ፊቷ ግን ከሳምንት ሳምንት እየጠራ ሄደ፤ ጠባሳው ብቻ ቀረ። ደንበኞችም ቀና ብላ ስታናግራቸው "አድገሻል" ይሏት ጀመር።

በመጋቢት አንድ ዓርብ ማርዋ በቪዲዮ ደወለች። እንዲህ መደወል የሚፈቀድላት አልፎ አልፎ ነው።

"ኢክሉዬ! ፊትሽ! ምን አድርገሽው ነው?"

"ያንቺን ኮኮናት ተውኩት" አለች ኢክላስ እንደ ጥፋተኛ። "አትቀየሚኝ። ፊቴን ያበላሸው እሱ ነበር።"

"ኮኮናት?" ማርዋ ለማስታወስ እንደሚሞክር ሰው ቅንድቧን ሰበሰበች፤ ከዚያ ሳቀች። "እኔ እኮ ከተውኩት ስንት ጊዜዬ! ማዳሟ ሽታውን አትወደውም። ፀጉሬንም ተቆርጬዋለሁ፤ እይ።"

ሻርፗን ወደ ኋላ ገፋችው። ያ ሹሩባ የለም። አጭር ፀጉር፣ ጆሮዋ አካባቢ ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት። ኢክላስ ስድስት ዓመት ሙሉ አቅፋ የተኛችው ሽታ እህቷ ጋ እንኳ አልነበረም።

ማርዋ ሻርፗን መለሰችው። "የጓሮው ቡና አበበ?" አለቻት።

"ትናንት ፈነዳ።"

"ውሰጂኝ እስቲ።"

ኢክላስ ስልኩን እንደያዘች በጓሮ በር ወጣች። ከሙዙ ሥር የቆሙት የቡና ዛፎች ቅርንጫፋቸው ሁሉ ነጭ ሆኗል፤ ሽታቸው ጓሮውን ሞልቶታል። ንቦች ይጮሃሉ። ስልኩን አንድ አበባ የሞላ ቅርንጫፍ ላይ ደቀነችው።

"ጠጋ አድርጊው" አለች ማርዋ።

አስጠጋችላት።

"አሁንም ጠጋ።"

አበባው የስልኩን መስታወት ነካ። ማርዋ ዓይኗን ጨፍና ወደ ውስጥ ስትተነፍስ ኢክላስ ሰማቻት።

"መቼ ነው የምትመጪው?" አለቻት።

"ኢንሻአላህ" አለች ማርዋ ዓይኗን ሳትገልጥ። "ስልኩን ከአበባው እንዳታርቂው፤ ትንሽ እንዲሁ ያዢልኝ።"

ኢክላስ እጇ እስኪዝል ያዘችላት።