የትራክተሩ መርፌ ሲተኛ

ዓመቱን በትክክል አላስታውሰውም። ሩዝ ሊዘራ ትንሽ ሲቀረው እንደነበር ግን አውቃለሁ፤ ሰማዩ በጣና በኩል መጥቆር ጀምሮ ነበርና። ፎገራ ሜዳ ላይ ያ ደመና ከታየ ሰው ዕረፍት የለውም። ዋልካው፣ ጥቁሩ ጭቃ አፈር፣ አንዴ ውሃ ከጠገበ ትራክተር ገብቶ አይወጣበትም፤ እንደ ደከመ በሬ ይዘፈቃል።

ትራክተሩ የእኔና የሁለት ወንድሞቼ ነው። ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ የደረሰን አሮጌ ነው። የእርሻ በሬዎቻችንን ሸጠን ስለገዛነው፣ እሱ ተቃጠለ ማለት የሦስት ቤት እርሻ ቆመ ማለት ነው። ስነዳው ሁሌ ይኼ ነገር ሆዴ ውስጥ አለ።

የድሮው የሙቀት መለኪያ ከሞተሩ ራስ ተነሥቶ እስከ መሪው ድረስ በቀጭን የመዳብ ቱቦ የተያያዘ ነበር። ቱቦው ውስጥ ያለው ነገር ሲሞቅ መርፌውን ይገፋዋል። ባትሪ አይል፣ ሽቦ አይል። ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ከእሱ ጋር ተግባብተን ነበር። አንድ ቀን ገለባ ስንጭን ቱቦው ተጠማዞ ተቀነጠሰ። ወረታ ወሰድኩትና የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራው ሰው፣

"አባቴ፣ ይኼ ከተቆረጠ አይቀጠልም። የኤሌክትሪኩን ላስገባልዎ" አለኝ።

አስገባልኝ፤ ሥራውም ደህና ነበር። እኔ ግን ልቤን አልጣልኩበትም። ቁልፍ ስከፍት ብድግ ይላል፣ መብራት ሳበራ ይወዛወዛል። ሞተሩ ሞቆ ነው ወይስ ባትሪው ደክሞ? በምን ልወቅ?

ደመናው በታየበት ቀን የመታረስ ተራው የልጄ የክርስትና አባት የሆነው የአበልጄ ነበር፤ የእሱን ማሳ ልናርስ ገባን። ባየሁት ቁጥር መርፌው ይዋልላል። በየትልሙ ጫፍ እየወረድኩ ራዲያተሩን በመዳፌ እዳስሳለሁ።

"አንተ፣ እርሻ ነው ወይስ በሽተኛ ማስታመም?" አለኝ አበልጄ።

"ይግላል እኮ!"

"ሞተር አይደል እንዴ? በረዶ እንዲያወጣ ፈለግህ?"

ሳቅሁ፤ ሆዴ ግን አልሳቀም።

በኛ አገር የድሮ ትራክተር የሚነዳ ሰው ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ቁልፉን ነቅሎ ኪሱ ይከታል፤ ባትሪው እንዳያልቅ ነው። ናፍጣ ስለሆነ ያለ ቁልፍም ይሠራል፤ የሚጠፋው የማጥፊያው ገመድ ሲሳብ ነው። ያን ቀን መለኪያውን ላይ ብዬ ቁልፉን ትቼው ነበር፤ አንዴ ወርጄ ስመለስ ግን እጄ እንደለመደው ነቀለው። መርፌውም ወርዶ ተኛ። ተመስገን፣ በረደ አልኩ። የድሮው ቢሆን ቁልፍ ኖረ አልኖረ ይናገር ነበር፤ ይኼኛው ግን ቁልፍ ከሌለው ዕውር ነው። ያን ጊዜ ይህን መች አሰብኩት!

ደመናው እየቀረበ ሲመጣ መውረዱን ተውኩት። ግን መርፌው ሲወዛወዝ ከፈራሁት ይልቅ ዝም ሲል የባሰ ፈራሁ። በዚያ ሁሉ ሐሩር እንዴት ንቅንቅ አይልም?

"ቁም! ቁም! እየጨሰ ነው!"

አበልጄ ከኋላዬ እየሮጠ ነው። ገመዱን ሳብኩት። ራዲያተሩ ፊቱ በገለባ ተደፍኖ በክዳኑ በኩል እንፋሎት ይተፋል። ጀሪካን አንሥቼ ስሮጥ አበልጄ ክንዴን ያዘኝ።

"ምን ልታደርግ?"

"ውሃ ላጠጣው!"

"በጋለ ድንጋይ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሲፈስ አላየህም? ይሰነጠቃል። ተቀመጥ።"

"ዝናቡ መጣ እኮ! ማሳው ያንተ ነው!"

"ማሳዬ ይጠጣ። ተቀመጥ አልኩህ።"

ተቀመጥኩ። ወንድሞቼን ምን ብዬ ላያቸው ነው? አበልጄ በስንጥር ገለባውን ከራዲያተሩ እየለቀመ፣ አልፎ አልፎ ሞተሩን በጣቱ ጫፍ ነካ እያደረገ፣ "ገና ነው" ይለኛል። ዝናቡ ጀመረ። "ገና ነው።" ጀርባችን ራሰ። "አሁን፣ ቀስ እያልክ" አለ በመጨረሻ። ውሃውን በቀጭኑ አፈሰስኩ። ቁልፉን ስመልስ መርፌው ተነሥቶ መሐል ላይ ቆመ፤ ሞተሩም ሳይንገራገጭ ተነሣ። ዋልካው ሳይዘን እየተንፏቀቅን ወጣን።

የማሳው ግማሽ ሳይታረስ ቀረ። አበልጄ በኋላ በራሱ በሬዎች ጭቃ ለጭቃ ታግሎ ጨረሰው፤ አንድ ቀንም አላነሣብኝም። ሰው ግን ትራክተራችሁን ማን አተረፈላችሁ ቢለኝ፣ አበልጄ ነው እላለሁ።