ሳይጸዳ የገባው ቢላ

ቡታጅራ ባዮሎጂ እያስተማርኩ በክረምት ሁለተኛ ዲግሪዬን እማር ነበር። ለመመረቂያ የመረጥኩት እንሰትን የሚያጠወልገውን በሽታ ነው። ድርቅ እንኳ የማይረታው ተክል እንዳይጠፋ ዩኒቨርሲቲ ለገበሬው መድረስ አለበት እየተባለ በየክፍሉ ይነገረን ነበር፤ እኔም ከልቤ አምኜበታለሁ። ያደግሁት ጎጃም ነው፤ ቆጮ የቀመስኩት ለሥራ ከመጣሁ በኋላ ነው። በሽታውን ግን ከመጽሐፍ ጠንቅቄ የማውቀው ይመስለኝ ነበር።

ናሙና የምወስደው ከከተማው ወጣ ብላ ካለች መንደር ነው። በታችኛው ጫፏ በሽታው ገብቷል። ከላይ በኩል ባለቤታቸው አዲስ አበባ የሚነግዱ አንዲት ሴት ይኖራሉ። ጓሯቸው ጤነኛ ስለነበር ለማነጻጸሪያ ፈለግሁት። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን አጥሩ በር ላይ ቆመው፣

«ከታች ሰፈር ነው የመጣኸው?» አሉኝ።

በረኪና የያዝኩበትን ጠርሙስ አሳየኋቸው። በሽታው በስለት ስለሚተላለፍ ከአንዱ እንሰት ወደ ሌላው ስሻገር ቢላዬን እንደምነክርበት ነገርኳቸው።

«እንግዲህ የተማርከው አንተ ነህ» ብለው አስገቡኝ።

ግንቦት ላይ አንድ ከሰዓት ከታች ሰፈር ስወጣ ዝናብ ከተራራው እየወረደ ነበር። ጠርሙሱን ባየው ባዶ ነው። ልመለስ አሰብኩ፤ ባጃጁ ደግሞ እየጠበቀኝ ነው። ቢላውን በሶፍት ጠረግሁና ከሦስት እንሰት ቅጠል ቆረጥኩ። ሴትዮዋ ከኋላዬ ቆመው ያዩኝ ነበር።

ከዚያ ወዲያ በሄድኩ ቁጥር አስቀድሜ የማየው እነዚያን ሦስቱን ሆነ። አንድ ወር ደህና ነበሩ። ሁለተኛው ወር ሊሞላ ሲል የአንደኛው የመሐል ቅጠል ቢጫ ሆኖ ታጥፎ አገኘሁት። አገዳውን ስቆርጠው ዝልግልግ ያለ ፈሳሽ አወጣ። ሁለቱም ተከተሉ። የቀረው ጓሮ አረንጓዴ ነው።

«የዚያን ቀን ነው አይደል?» አሉኝ።

«የዚያን ቀን ነው።»

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

«ስድስት ዓመታቸው ነው። ለመስቀል ቆጮ ልንፍቃቸው ነበር» ብለው አካፋ አቀበሉኝ። ሦስቱንም ነቅለን ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ቀበርናቸው።

የሆነውን ሁሉ ጥናቱ ውስጥ ጻፍኩ። አማካሪዬ አንብበው፣ «ይህን ገጽ አውጣው፤ ሥራህን ያበላሽብሃል» አሉኝ።

«ከእኔ በኋላ የሚመጣው ተማሪ በምን ይወቅ?»

ገጹን አላወጣሁም፤ በዝቅተኛ ውጤት አለፍኩ። ጥራዙን ከቤተ መጻሕፍት እስካሁን የተዋሰው ሰው የለም።

ባለፈው ሳምንት ሴትዮዋ ደወሉልኝ። ከአጥራቸው ማዶ ባለው የጎረቤታቸው ጓሮ ቅጠል መታጠፍ ጀምሯል።

«ምክንያቱን ታውቃለች?» አልኳቸው።

«አታውቅም። የዝናብ እጥረት ነው ትላለች።»

«ይንገሯት።»

«አንተ መጥተህ ንገራት» አሉና ስልኩን ዘጉት።

ቅዳሜ እሄዳለሁ። ከጎረቤትየዋ ቤት በላይ ያለው ዳገት እስከ ጫፉ ድረስ በሽታው ገና ያልገባበት እንሰት ነው።